ከዛፉ በፊት አሸንዳውን እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ተዳፋት ላይ ስላሉ ቤቶችና ስለ ሰደድ እሳት የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያልኩ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት። ጸሐፊው ያን ሁሉ ካወሩ በኋላ የሰጡት ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ቤት አጠገብ ያለ ዛፍ በሙሉ ይቆረጥ። በቃ፣ አለቀ።

እኔም እሳት እፈራለሁ። ቤቴ ያለው ዳገት ወገብ ላይ ነው፤ ከበታቹ ሣር፣ ከሣሩ በታች ደግሞ ቁጥቋጦ። በደረቁ ወራት ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይነሳና እስከ ሌሊት አያርፍም። በር ይደበድባል፣ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ እኔን ጭስ ጭስ ይሸተኛል። ግማሹን ጊዜ ጭስ የሚባል ነገር የለም፣ ፍርሃቴ ነው የሚሸተኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዛፍ ስለምወድ ብቻ አይደለም። (እወዳለሁ፣ እሱም አለ።) በድንጋጤ መጋዝ ማንሳት ምን እንደሚያመጣ በገዛ ጣሪያዬ ላይ ስላየሁት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ከቤቱ ጎን ያለው ትልቅ ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ እንቅልፍ ነሳኝና የሞተር መጋዝ ያለው ሰው አስጠራሁ። ሰውየው ቀና ብሎ አየው። «አናቱን እናውርደው፣ ያጥራል፣ ነፋሱም አያገኘውም» አለኝ። ደስ አለኝ። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሲጨርስ ዛፉ ዛፍ መሆኑ ቀርቶ ምሰሶ መስሎ ነበር፣ እኔ ግን ያን ሌሊት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ዝናቡ ሲመጣ ከተቆረጠው አናት ላይ ቀንበጥ ፈላ። አንድ ሁለት አይደለም፣ መጥረጊያ የሚያህል። «አየህ እንዴት እንደታደሰ» የሚለኝ ሰው በዛ፣ እኔም አመንኩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቀንበጦቹ የክንድ ውፍረት ያዙ፣ ዛፉም የቀድሞ ቁመቱ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት ነፋሱ አንዱን ገንጥሎ ጣሪያው ላይ ጣለው።

ጠዋት ወጥቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ቅርንጫፉ አልተሰበረም፣ ተላጠ። ከግንዱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ጥልቀቱ ጣት አይሞላም። ድሮ የተቆረጠው አናት ላይ ጣቴን ስጭነው እንደ ስፖንጅ ገባ፤ በስብሷል። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ምግብ የሚያበስልበት ቅጠል በአንዴ ስለጠፋበት ከቅርፊቱ ሥር ያንቀላፋውን እንቡጥ ሁሉ ቀስቅሶ ያስወጣል። እነዚያ ቀንበጦች እንደ ተፈጥሮ ቅርንጫፍ ከግንዱ እንጨት ጋር ተጠላልፈው አላደጉም፣ ላይ ላዩን ነው የተለጠፉት። ነፋስ ፈርቼ ያስቆረጥኩት ዛፍ ለነፋስ ይበልጥ ተመቸ ማለት ነው። ለእሳትም እንዲሁ፤ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ በነበረበት ቦታ ስልሳ ቀጫጭን ጭራሮ ተተካ፣ እሳት ደግሞ ቀጭን ነው የሚወደው።

ያኔ ነው ትክክለኛ የዛፍ ባለሙያ የፈለግኩት። የመጡት አንዲት ሴት ናቸው። ገመድና ሄልሜት ይዘዋል፣ መጋዛቸው ግን መኪናው ውስጥ ቀረ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለዛፉ ጀርባቸውን ሰጥተው ቤቱን ነው የዞሩት። «ዛፉ ከኋላዎ ነው እኮ» አልኳቸው። ሳቁ። መሰላል ለመኑኝና ወጡ፣ እጃቸውን የጣሪያው አሸንዳ ውስጥ ከተው አንድ ጭብጥ ደረቅ ቅጠል አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ጨበጥ ሳደርገው ዱቄት ሆነ።

«ቤትዎን የሚያቃጥለው ይሄ ነው» አሉኝ። «ዛፉ በኋላ ይደርሳል።»

አላመንኳቸውም ነበር፤ በኋላ ሳነብ ነው ያመንኩት። ብዙዎቻችን ሰደድ እሳት ሲባል የሚታየን እንደ ግድግዳ የቆመ ነበልባል ዳገቱን ወጥቶ ቤቱን ሲውጥ ነው። አብዛኛው ቤት የሚያዘው ግን እንደዚያ አይደለም። ነፋሱ ፍንጣሪ ያመጣል፣ አንዳንዴ ከኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለ እሳት። ፍንጣሪው ግድግዳ አያቃጥልም፣ አቅሙም የለው። የሚፈልገው የሚያርፍበት ደረቅ ነገር ነው፤ አሸንዳ ውስጥ ያለ ቅጠል፣ በር ላይ የተረሳ መጥረጊያ፣ ግድግዳ የተደገፈ የማገዶ ክምር፣ ወይም ወንፊት የሌለው የጣሪያ አየር ማስገቢያ።

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው ጃክ ኮኸን የነበልባሉ ሙቀት ራቅ ያለ ግድግዳ እንደማያቀጣጥል በሙከራ አሳይቷል። ካናዳ ውስጥ በተደረገ ሙከራ የእንጨት ግድግዳዎች በ10፣ በ20 እና በ30 ሜትር ርቀት አቁመው ፊት ለፊታቸው ያለውን ደን በእሳት ለቀቁት። 10 ሜትር ላይ ከነበሩት የተያዙ አሉ። 20 እና 30 ሜትር ላይ የነበሩት አልተያዙም። ይህን ካነበብኩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባለው ከተማ ከተቃጠለች በኋላ የተነሱ ፎቶዎችን እንደገና አየኋቸው። በዚያ እሳት 85 ሰው ሞቷል፣ ከ18,000 በላይ ሕንፃ ወድሟል። ፎቶዎቹ ላይ ቤቶቹ አመድ ናቸው፣ በየመሀላቸው ያሉት ረጃጅም ዛፎች ብዙዎቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። ቤት ከቤት ነው የተቃጠለው። እስኪ ይህን አይቶ «ጥፋተኛው ዛፉ ነው» የሚል ማን ነው?

አልክድም፣ ዛፍም ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጥቅምት ውስጥ እዚያው ካሊፎርኒያ የኦክላንድ ከተማ ኮረብታዎች ሲነዱ በየቤቱ መሀል የነበረው ባሕር ዛፍና ጥድ ትልቅ ነዳጅ ነበር። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ቅርፊቱ ደግሞ በረጅሙ እየተላጠ ስለሚንጠለጠል ሲቃጠል ነፋሱ ይዞት ይበራል። የዚያን እሳት ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የተነሳው ከአንድ ቀን በፊት ጠፋ ከተባለ የሣር እሳት ነው። ደረቅና ኃይለኛ ነፋስ መጣና የተዳፈነውን ቀሰቀሰው። 25 ሰው ሞተ፣ ወደ 3,000 የሚጠጋ መኖሪያ ተቃጠለ።

ዳገት ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን በሙቀቱ ቀድሞ እያደረቀ ነው የሚሄደው። በግርድፉ ሲሰላ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሊበቃው የሚችል ርቀት ለእኔ አይበቃኝም፤ በተለይ ከቤቱ በታች ባለው በኩል። ባለሙያዋም ብዙ የሠሩት በዚያ በኩል ነው።

እና ምን ሠሩ? መጀመሪያ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ያለውን ሁሉ አስነሱኝ። አበባ ሳይቀር። በምትኩ ጠጠር። (ባለቤቴ ለአበባዎቹ አንድ ወር አኩርፋኛለች።) ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ ትኩረት የሰጠችው ለዚሁ ለመጀመሪያው አንድ ሜትር ተኩል ነው። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ አነሱ፣ ከጭስ ማውጫው ሦስት ሜትር አራቁ።

ቀጥሎ «መሰላሉን እንስበር» አሉኝ። የምን መሰላል ብዬ ዞር ዞር አልኩ። እሳት መሬት ላይ እያለ ሣር ነው የሚበላው፣ ቁመቱም አጭር ነው። ሣሩ አጠገብ ቁጥቋጦ ካገኘ በሱ ይወጣል፣ ከቁጥቋጦው በላይ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካለ እሱን ይይዛል፣ ከዚያ አናቱ ላይ ነው፤ አናት ላይ የወጣ እሳት ደግሞ ፍንጣሪውን ለነፋስ አስረከበ ማለት ነው። መሰላል የሚሉት ይህን ነው። የሚሰበረው የታችኛውን ቅርንጫፍ ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በመግረዝ ነው። ዛፉ ትንሽ ከሆነ ግን ሁለት ሜትር ብዙ ነው፣ ከቁመቱ ሲሶው ይበቃል። ከዛፉ ሥር ቁጥቋጦ ካስቀራችሁ ደግሞ በቁጥቋጦው ጫፍና በቅርንጫፉ መሀል የቁጥቋጦውን ቁመት ሦስት እጥፍ ክፍተት ተዉ። እኔ ቁጥቋጦውን ማውጣት መረጥኩ፣ ስሌቱ ሰለቸኝ።

አሁን ወደ ነፋሱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ነፋስ እንዲያሳልፍ ውስጡን አራግፉት» ይባላል። ይህን ሲሰሙ የውስጡን ቅርንጫፍ ሁሉ ጠራርገው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል የሚያስቀሩ ቆራጮች አሉ። የአንበሳ ጭራ ይመስላል፤ ባለሙያዎቹም የአንበሳ ጭራ ነው የሚሉት። ሲያዩት ንጹሕ ነው። ግን ክብደቱ በሙሉ ጫፍ ላይ ሄደ። የውስጥ ቅርንጫፎች ዛፉ ሲወዛወዝ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እየተወዛወዙ የዛፉን ውዝዋዜ የሚያበርዱ ናቸው፤ እነሱ ሲወጡ ረጅሙ ቅርንጫፍ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይገረፋል፣ አንድ ቀንም ይሰበራል። የእኔ ባለሙያ ያወጡት የሞተውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ነው። ከዚያ ከጫፍ በኩል ትንሽ ትንሽ ቀነሱ። ሲወርዱ ዛፉ የተነካ አይመስልም ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሕያው ቅጠሉ ከሩብ በላይ አይነሳም አሉኝ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ዛፉ ይራባል።

አንድ ነገር ግን አስጨንቋቸዋል። ግንዱ ከፍ ብሎ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። እዚያ ሁለቱ ግንዶች እየወፈሩ ሲሄዱ በመሀላቸው ቅርፊት ውጠዋል። ከሩቅ አንድ አካል ይመስላል፣ ጠጋ ሲሉ ግን ቀጭን ጥቁር መስመር ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ እንጨቶች አልተጋቡም፣ በመሀል ቅርፊት አለ። በነፋስ ለሁለት የሚሰነጠቅ ዛፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚህ ነው። በፕላስቲክ መዶሻ ግንዱን እየዞሩ መቱት፣ ጆሯቸውን ሰጥተው። ጠንካራው ቦታ ድርቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተቦረቦረው ከበሮ ይመስላል። የእኔው ድርቅ አለ። በሽቦ ገመድ ከላይ አያያዙት፣ ዛፉ ተረፈ። ከበሮ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ይውረድ እል ነበር። የሞተ ዛፍ፣ ሥሩ የበሰበሰ፣ ግንዱ ላይ እንጉዳይ የወጣበትና ቤት ላይ ያዘነበለ፣ ግድግዳ ታክኮ የቆመ ባሕር ዛፍ፤ ለእነዚህ አልከራከርም። ጸሐፊያችሁ እነዚህን ብቻ ቢሉ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

ቆረጣው ራሱ ሙያ አለው። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ቦታ ትንሽ ያበጠ ቀለበት አለ፣ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ። የሚቆረጠው ከአንገትጌው ወጣ ብሎ ነው። ከግንዱ ጋር አስተካክለው ከላጩት አንገትጌው አብሮ ይሄዳል፣ ጉማጅ ካስቀሩ ደግሞ ይበሰብሳል። አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ዕድሜውን ዛፍ እየሰነጠቀ ውስጡን በማየት ነው የጨረሰው፤ ያስተማረንም ዛፍ ቁስሉን እንደ እኛ እንደማያድን ነው። የተጎዳውን ክፍል ከውስጥ አጥር አጥሮ ለብቻው ይዘጋዋል፣ ከላይ አዲስ እንጨት ይሸፍነዋል። አጥሩን የሚሠራው በዚያ አንገትጌ ነው። ቁስሉን ቀለም መቀባትም አይረዳውም፤ እኔ ቀብቼ ነበር፣ በጣም ቆንጆ አድርጌ።

ከባድ ቅርንጫፍ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ከሥር በኩል ትንሽ ይበጣል፣ ከዚያ ከላይ ይቆረጥና ክብደቱ ይወርዳል፣ የቀረው ጉማጅ ነው በመጨረሻ አንገትጌው ጋ የሚስተካከለው። ይህ ካልሆነ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ገሽልጦ ይሄዳል።

«ሁሉም ይቆረጥ» የሚለው ምክር የረሳው ሌላም ነገር አለ። ተዳፋት ላይ አፈሩን የያዘው ሥር ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይሞትም፣ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ዳገቱ ሊንሸራተት ይችላል። ያኔ ማንም ከመጋዙ ጋር አያገናኘውም። መቆረጥ ያለበት ዛፍ ቢቆረጥ እንኳ ጉቶው ባይነቀል ይሻላል። በዚያ ላይ ጥላው ሲሄድ ፀሐይ ያገኘው መሬት ምን ያበቅላል? ሣር። ሣር በሳምንታት ይደርቃል፣ እሳትም በሣር ላይ የሚሮጠውን ያህል በሌላ ላይ አይሮጥም። ዛፍ ቆርጦ ሣር መትከል ማለት ይሄ ነው።

ውሃ የጠገበ ዛፍ ቶሎ አይያዝም። ውሃው ግን ግንዱ ሥር አይደለም የሚፈሰው፣ ቅርንጫፉ የሚያበቃበት ዙሪያ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ፣ ግን በደንብ ጠልቆ እንዲገባ። በየቀኑ ላይ ላዩን መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ወደ ላይ የመጣ ሥር ደግሞ ድርቅም ነፋስም አይችልም።

ጊዜውን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ነፋሱ ከተነሳ በኋላ መጋዝ አታስነሡ። ድንጋይ የነካ የመጋዝ ወይም የሣር ማጨጃ ስለት ፍንጣሪ ያወጣል፣ የሞተሩ ጭስ መውጫም ይግላል። ቤታቸውን ከእሳት ሊከላከሉ ብለው እሳት ያስነሱ ሰዎች አሉ። ሥራው መሬቱ እርጥብ እያለ ይለቅ፣ ካልሆነም በማለዳ፣ ውሃ በቅርብ ተይዞ። የተቆረጠውም ይነሳ! የደረቀ ቅርንጫፍ ከቤት በታች ከምሮ መተው ዛፉ ቆሞ ከነበረበት ጊዜ የባሰ ነው። ማገዶ ከሆነም ከቤቱ ቢያንስ 9 ሜትር ይራቅ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ደግሞ የእናንተም የእኔም ሥራ አይደለም፣ የመብራት ሰዎች ይጠሩ።

ሰው ስትቀጥሩስ? ከነፋስ በኋላ ሳይጠራ በር አንኳኩቶ «ዛሬውኑ ካልተቆረጠ» የሚላችሁን በትህትና ሸኙት። አናቱን ላውርደው ያለውንም። ሕያው ዛፍ ላይ የብረት ጥፍር ጫማው ላይ አስሮ የሚወጣ ከሆነ አስቁሙት፣ እያንዳንዱ እርምጃ ቁስል ነው፤ ጥፍሩ ለሚወርድ ዛፍ ብቻ ነው። ኢንሹራንስ እንዳለው ጠይቁ፣ ምን ምን እንደሚቆርጥና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ለምን የሚለው ላይ ከተንተባተበ ነገሩ አለቀ። የምስክር ወረቀትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የዛፍ ባለሙያዎች ማኅበር ፈትኖ ይሰጣል። ወረቀት ሁሉ ሙያ ነው አልልም፣ ቢያንስ ግን ተፈትኗል።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ በርዕሱ ላይ ሁለተኛ ጽሑፍ የምታወጡ ከሆነ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አነጋግሩ። እኔ ወጥቼ አላውቅም፣ ከሥር ቆሜ ነው ያየሁት።

ባለፈው የነፋስ ወቅት ከታች ያለው ሣር አንድ ማታ ተያያዘ። ሰዎች ደርሰው አጠፉት፣ እኛ ጋ አልደረሰም። ፍንጣሪው ግን ደርሷል። ጠዋት ጠጠሩ ላይ አመድ ነበር፣ ውጪ የተረሳው የፕላስቲክ ወንበር ሁለት ቦታ ተበስቷል። ዛፉን ቀና ብዬ አየሁት፣ ምንም አልሆነም። መሰላሉን አምጥቼ ወጣሁ። አሸንዳው ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ጥቁር ፍም ባዶው ቆርቆሮ ላይ ብቻዋን ጠፍታ አገኘኋት።

አክባሪያችሁ፣
ከዳገቱ ወገብ